ኦሪጅናል ቁስል

ግቢዬ ውስጥ የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ልጆች በጾም ቀን ቀይ ስር ሲቀቅሉ፣ ያ አፈር አፈር የሚል ጣፋጭ ሽታ በመስኮቴ ይገባል። እኔም ብድግ ብዬ መስኮቱን ድርግም አደርገዋለሁ። ልጆቹ ቀይ ስር የማልወድ ይመስላቸዋል። አንዷማ፣ ደግ ልጅ ናት፣ «ኣደይ ውባለም፣ ለርስዎ ድንቹን ለብቻው እናድርግልዎት?» ብላኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? አትክልቱ ምን አደረገኝ! ወጣትነቴን ያሳለፍኩት በዚህ ሽታ ውስጥ ነው፤ ሲሸተኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አዳራሹ፣ ሳቁ፣ ባለቤቴ፣ ሁሉም ይመጡልኝ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ደሜን ያፈላዋል። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ላይ መጮህ ነውር ስለሆነብኝ ንዴቴን መስኮቴ ላይ እወጣዋለሁ።

ለኛ ቀይ ስር ምግብ አልነበረም፤ ደም ነበር። ከደሴ ወደ መቐለ የመጣሁት ያገባሁ ሰሞን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስተማሪ ነበር፤ ከማስተማር የሚተርፈውን ጊዜ ሁሉ ቲያትር ሲጽፍበት ይውላል። ያኔ ከተማዋ ካንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር የምትዳረስ ነበረች። ፈረስ ጋሪ ያለው ሰው እንደ ባለመኪና ይከበራል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ባለ ሻይ ቤቱ ሲያውቅህ ደግሞ ስኳሩን አንተ በቃኝ እስክትል ይጨምራል። ወንዱ ጸጉሩን አፍሮ አጎፍሮ፣ ማበጠሪያውን እዚያው ጎፈሬው ላይ ሰክቶ፣ በቤል ቦተም ሱሪው መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል። ለማዘጋጃ ቤቱ ጠራጊ አያስፈልገውም እያልን እንስቅባቸው ነበር። እኛም አንሻልም፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማችንን ተጫምተን በዚያ ኮብልስቶን በሌለው ጠጠር መንገድ ላይ እንደ ግመል እንወዛወዛለን። ካንዱ ቡና ቤት የሚሰማው ሸክላ ሳያልቅ የሚቀጥለው ቡና ቤት ሌላውን ይጀምረዋል፤ ከቤት እስከ ገበያ ሙዚቃ እየተቀባበለ ይሸኝሃል። ዛሬ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረችን። ዝናብ ሲመጣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ይታያል እንጂ የሚለው አይሰማም። ያም ሆኖ ሰዉ ስሙኒውን ከፍሎ ይገባል፤ አግዳሚው ሲሞላ ደግሞ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል።

ባለቤቴ የሚጽፋቸው ቁስለኞች መሞት አያውቁበትም ነበር። ሰውዬው ደረቱን ተወግቶ ይወድቃል፤ ከዚያ ስለ እናቱ፣ ስለ ሀገሩ፣ ስለ እጮኛው፣ ስለ ሸጠው በሬው ሳይቀር ይናገራል። አንድ ቀን ከኋላ አግዳሚ አንዱ፣ «ኧረ በቃህ፣ መሽቷል፣ ሙትና እንሂድ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ለሦስት ቀን አኮረፈ፤ ቀጥሎ የጻፈው ቁስለኛ ግን ይባስ ብሎ ረዘመ። ያኔ እስቅበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ባለቤቴ ልክ ነበር እላለሁ። ቁስለኛ ይናገር ነበር የሚለው! የሚናገረው ካለው ማን ሊያስቆመው!

ቁስሎቹን የሚሠራው ኣቦይ ወልዳይ ነበር። ቀን በክሊኒክ ድሬሰር ነው፤ የሰው ቁስል ሲያጥብና ሲያሽግ ይውላል። ማታ ማታ ደግሞ እኛ ጋ መጥቶ በደህና ሰው ላይ ቁስል ያወጣል። እኔ ከልብስ ሰፊነት ተነስቼ የሱ ረዳት ሆንኩ። ዱቄትና ቫዝሊን በመዳፌ አሙቄ እንደ ቆዳ ማለስለስ፣ ጥጥ አሳስቶ በኮላ መለጠፍ፣ የሻማ ሰም አቅልጦ ጠባሳ ማውጣት፣ ቀይ ስሩን በስኳር ቀቅሎ እስኪወፍር ማማሰል፣ ጠቆር እንዲል ቡና ጣል ማድረግ፣ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው። «ደም አታብዢ። ሲበዛ ማንም አያምንሽም» ይለኛል። «ቁስል ጠርዙ ነው፤ ጠርዙን ካወቅሽበት መሀሉ ራሱ ይመጣል።»

አንድ የማይዘላት ነገር ነበረችው። ብሩሹን የሰው ገላ ላይ ከማሳረፉ በፊት «አያድርስ» ይላል። የሚቀባው ሰው «አሜን» ካላለ እጁን አያነሳም። ያገራችን ሰው ሌላው የተመታበትን ቦታ በራሱ ገላ ላይ ሲያሳይ እንኳ ቶሎ ብሎ አያድርስ ይል የለ፤ እሱ ደግሞ ደህና ገላ ላይ ቁስል ማሳየቱ ሥራው ስለሆነ ይመስለኛል አጥብቆ የያዛት። ወጣቶቹ አንዳንዴ ሊቀልዱበት ሲሉ «አሜን ወአሜን፣ ኣቦይ ቄሺ» ይሉታል። እሱ አይስቅም። ሁለተኛው ሕጉ ደግሞ ቁስሉን ሳይታጠብ ማንም ከአዳራሹ እንዳይወጣ ነው።

ካሕሳይ የሚባል ተዋናይ ነበረን፤ ጎፈሬው ከበር አያስገባውም። አንድ ቀን ግንባሩን ፈንክተን፣ ዓይኑን አሳብጠን ካስቀመጥነው በኋላ ሲጋራ ሊገዛ ሹልክ ብሎ ወጣ። ገበያው አልተበተነም። የመጀመሪያዋ ሴት ስታየው «ዋይ ወደይ!»፣ ዋይ ልጄን፣ ብላ አንገቷን ያዘች። ከዚያ ምኑን ልንገራችሁ! አንዷ ነጠላዋን ቀድዳ ግንባሩን አሰረችው። ባለ ጋሪው የጫነውን ጆንያ መንገድ ላይ አራግፎ እሱን ጫነው። ካሕሳይ ደግሞ ተዋናይ አይደል? ያን ሁሉ ተመልካች ሲያገኝ አቃሰተ እንጂ ደህና ነኝ አላለም። ክሊኒኩ ደረሱ፤ ነርሷ በአልኮል ስትጠርገው ግንባሩ ከነቁስሉ በጥጥ ተነስቶ መጣ። በር ላይ እያለቀሱ የሚጠብቁት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ጫማቸውን አወለቁ። ያን ዕለት የደረሰበት እብጠት የኛ ሥራ አልነበረም።

በማግስቱ ኣቦይ ወልዳይ ያችን ነጠላዋን የቀደደችውን ሴት ፈልጎ ሊክሳት ገበያ ሄደ፤ እኔም ተከትየው ነበር። አዲስ ነጠላ ይዘንላታል። አልቀበልም አለች። «የሰው ደም መስሎኝ ነው የቀደድኩት። ስላልሆነ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ሽንኩርቷን መመዘኗን ቀጠለች። የቀይ ስር ደም አንድ ገበያ ሙሉ ሰው ያስለቀሰባት ከተማ ይህች ናት። ይህን የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ የሰው ደም እንዴት እንደሚታይ ልነግራችሁ ስለሆነ ነው።

ለተብርሃን፣ ለተ እያልን የምንጠራት፣ ግቢዬ ውስጥ በሰርቪሷ ከልጇ ጋር የምትኖር ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ልብስ ፋብሪካዎች ባንዱ ሰፊ ነበረች። በዚያ ክፉ ጊዜ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ቀኝ ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ አረሰው። ድኗል፤ ሥጋው ግን እንደጎደለ ቀረ፤ ሁለቱ ጣቶቿም አይታጠፉላትም። ስፌት በዚያው ቀረ፤ አሁን መንገድ ዳር ጎመንና ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጇ ሄርሜላ ያኔ ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች፤ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ልጅ አይደለች፣ ክንዱን ትጠይቃለች። ለተ «የስፌት መኪና በልቶኝ ነው» ብላታለች፤ ልጅቱም የስፌት መኪና ባየች ቁጥር ምላሷን ታወጣበታለች። እኛም የግቢው ሰዎች በዚህ ተስማምተን አንድም ቀን አፋችንን አላዳለጠንም። ለተ ከፈጣሪ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ሳታውቅ ትደግልኝ።»

እንግዲህ የድራማ ሰዎቹ መጡ። ስለዚያ ክፉ ጊዜ ተከታታይ ድራማ ሊሠሩ ነው አሉ። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አዙሮ የደፋ ልጅ ነው፤ በየቃሉ መሀል «ማዘር» ይለኛል። ገንዘቡን ያወጣው የዚሁ የከተማችን ልጅ ነው፤ ስለዚህ እንግዳ ነው፣ አያውቅም የሚባል የለም። ድሮ ቁስል እሠራ እንደነበር ሰው ነግሯቸው እንዳግዛቸው ብለው ቤቴ ድረስ መጡ። የሜካፕ ሣጥናቸውን ከፍተው ሲያሳዩኝ አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ። ቁስሉ ከውጭ ተሠርቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ቃጠሎ አለ፣ ስንጥቅ አለ፣ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ልጦ መለጠፍ ብቻ ነው። ኣቦይ ወልዳይ ይህን ቢያይ እያልኩ አንዱን አገላብጬ ጠርዙን ስመለከት ለተ ጀሪካን ይዛ በፊታችን አለፈች። እጅጌዋን ሰብስባለች።

ዳይሬክተሩ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቆይ ቆይ፣ ይቺ ልጅ ማናት? ኦሪጅናሉ እያለ ምን ፎርጅድ ያሰራናል!» አለ።

ኦሪጅናል! እንደ ጫማ! እንደ ሞባይል ቻርጀር! ለተ ሰምታዋለች፤ ጀሪካኑን አስቀምጣ ቆመች።

«ምን አልክ አንተ?» አልኩት። «ዕቃ ናት? ከየትኛው ሱቅ የተገዛች መሰለህ?»

«አይ ማዘር፣ አይቀየሙኝ። ለአርት ብዬ ነው። ከተማው ሙሉ እውነተኛ ነገር እያለ እኛ ፕላስቲክ ብንለጥፍ ሕዝቡ ይታዘበናል እኮ።»

የሰው ቁስል እንጨት ላይ ያለ ይመስላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ ፊት ለፊት ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ውጣልኝ ልለው አፌን ስከፍት ለተ ቀደመችኝ።

«ይተዉት፣ ኣደይ» አለች። «ይህ ክንድ ከሥራ አስወጣኝ። አንድ ቀን እንኳ እሱ ራሱ ይሥራልኝ። ግን ፊቴ አይታይም፤ ልጅ አለችኝ።»

«ፊትሽን በነጠላ እንሸፍነዋለን፣ አታስቢ» አላት። «እኔ የምፈልገው ክንዱን ነው።»

ክንዱን! ከክንዱ ጋር ሰው እንዳለ የሚያስታውሰው ሲያጣ እኔ አብሬ ልሄድ ቆረጥኩ። ለተን ብቻዋን ለነዚህ ሰዎች አልተዋትም ብዬ።

ቀረጻው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። የብረት አልጋ ደርድረው የሐኪም ቤት አስመስለውታል። ቁስለኛ ሆነው የተኙት ብዙዎቹ እንደ ለተ ኦሪጅናል የተባሉት ናቸው፤ አንዱ እግር የለውም፣ አንዱ ጆሮ። ሁሉም ዝም ብለው ተኝተዋል፤ ድራማው ላይ የሚናገሩት የሚያክሟቸው ናቸው። ነርስ ሆና የምትሠራዋ ቆንጆ ልጅ አራት ገጽ ትናገራለች። የባለቤቴ ቁስለኞች ትዝ አሉኝ። የኔ ሥራ የዳነውን ክንድ መልሶ አዲስ ማስመሰል ነው። የነሱን ደም አልነካም ብዬ ቀይ ስሬን ከቤቴ ቀቅዬ መጥቻለሁ። ለተን አስቀመጥኳት፤ ክንዷን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ፤ ብሩሹን ነከርኩ። ከአፌ እንደ ልማዴ «አያድርስ» ወጣ።

ለተ ፈገግ አለች። «ደሪሱ እኮ እዩ፣ ኣደይ» አለችኝ። ደርሷል እኮ፣ እናቴ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የት ልመልሰው? ብሩሹን አስቀመጥኩ። ይህን ክንድ ያዳኑት ሰዎች መድኃኒት በጠፋበት ቀን በጨው ውሃ እያጠቡ ነው ያዳኑት። እኔ ደግሞ ልክፈተው? አልሠራም አልኳት።

«ይሥሩልኝ» አለች። «እርስዎ ካልሠሩት የነሱ ሜካፕ ሠሪ ልጅ ትመጣለች። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።»

ሠራሁት። ደም ሳላበዛ፣ ጠርዙን ብቻ ነክቼ ሠራሁት። አሜን ያልተባለበት የመጀመሪያው ቁስሌ ነው።

ፊቷን በነጠላ ከድነው አስተኟት። ካሜራው ተስተካከለ። ዳይሬክተሩ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለና፣ «አሁን እኔ ስል ትጮኺያለሽ፤ ልክ ያን ቀን እንደጮህሽው» አላት።

«ያን ቀን አልጮህኩም» አለች ለተ ከነጠላው ሥር።

«እንዴት አልጮህሽም?»

«ልጄ ከሥሬ ነበረች። ተኝታ ነበር። ብጮህ ትደነግጣለች ብዬ ዝም አልኩ። ሰው እስኪያነሳን ድረስ ዝም አልኩ። አልነቃችም።»

ያቺ አራት ገጽ የምትናገረው ልጅ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አሁን ያለ ጽሑፍ ነው። እኔ ይህን ታሪክ አልሰማሁትም ነበር፤ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ዳይሬክተሩም አንገቱን ደፋ። ሰው ሆነ ስል፣ ቀና ብሎ፣ «በጣም ያሳዝናል፤ ገባኝ። ግን ለዚህች ሾት አንዴ ብቻ ብትጮኺልኝ?» አይል መሰላችሁ!

ተነሳሁ። «ስማ! አልጮህኩም ብላሃለች። የምትጮህ ከፈለግህ እኔ አለሁልህ፤ ልጩህልህ?» አልኩት። ድምፄ ከመጋዘኑ ጣሪያ ተመልሶ መጣ። የካሜራው ልጅ ሳይቀር ወደ እኔ ዞረ።

«እሺ ማዘር፣ እሺ። ዝም ትበል። እንደነበረው ዝም ትላለች፤ ቃሌ ነው» አለኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ዝም ብላ ተቀረጸች። ክንዷ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቿ አይንቀሳቀሱም፤ ነጠላው በትንፋሿ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ስንት ዓመት ቲያትር ውስጥ ኖሬ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃ ክንዷን አጠብኩላት። ደስ ብሏት ነበር። ቤት ስንደርስ ለሄርሜላ፣ «ማማ በቲቪ ልትወጣ ነው፤ ኣደይ ውባለም ቀይ ስር ቀብተውኝ ተኝቼ ታዪኛለሽ» አለቻት። ልጅቱ በጣቷ ከድስቱ ነክታ ቀመሰችና ጣፋጭ ነው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቼ ነው፣ መቼ ነው እያለች አላስቀምጥ አለችን። ለተን እንዳታሳያት ልመክራት ነበር። «ምን ያስፈራታል፣ ኣደይ? ፊቴ አይታይ። ዝም ብላ የተኛች ሴት ናት የምታየው» አለችኝ። ቃል ተሰጥቶን የለ? እኔም አመንኩ።

ድራማው ከታየ በኋላ ለዳይሬክተሩ ደውዬለት ነበር። እሱን ላስቀድመው፤ ሌላውን ከተናገርኩ በኋላ ስለ እሱ የማወራበት አፍ አይኖረኝም። «ማዘር፣ ድምፅ እኮ በኋላ ነው የሚገባው፤ ኤዲተሩ ነው» አለኝ፤ የእምዬን ወደ አብዬ ልክክ። ቃልህስ ስለው፣ «እሷ አልጮኸችማ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ሌላ ልጅ ናት ስቱዲዮ ገብታ የጮኸችው። ዝም ብላ ብትታይ ተመልካቹ እንዴት ያምናል?» አለኝ። በሀገሩ የቆሰለ ሰው የሚታመነው ሲጮህ ነው ማለት ነው! ዝም ያለው አልቆሰለም! የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ስልኩን ግን መጀመሪያ የዘጋው እሱ ነው።

ድራማው የታየው እሑድ ከሰዓት ነበር። ተከራዮቹ ልጆች ሁሉ ሳሎኔ ገብተው ሶፋውን ሞሉት። ሄርሜላ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከቴሌቪዥኑ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ለተ እኔ አጠገብ ነበረች፤ ክንዷን በነጠላዋ ሸፍናለች። መጋዘኑ ታየ። አልጋዎቹ ታዩ። ከዚያ ያ ክንድ ታየ፤ ልጅቱ ወዲያው አወቀችው። እያጨበጨበች፣ «ማማ! ቀይ ስር!» ብላ ሳቀች፤ ሁላችንም አብረናት ሳቅን።

ጩኸቱ መጣ። ከዚያ ነጠላ ሥር፣ ለተ ከተኛችበት፣ የማላውቃት ሴት ጮኸች። ረጅም ነው፤ ትጮህና ትንፋሽ ስባ እንደገና ትጮሃለች። አንደኛው ተማሪ ሪሞቱን ፍለጋ ሶፋውን ሲያተራምስ ለመዝጋት ዘገየ። ሄርሜላ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ወደ ቴሌቪዥኑ አየች፤ ዞር ብላ እናቷን አየች፤ ከዚያ ተነስታ መጣችና ነጠላውን ከለተ ክንድ ላይ ገለጠችው። የስፌት መኪና አላለችም። ምንም አልጠየቀችም። እናቷ ጭን ላይ ወጣችና፣ «ማማ፣ ስቕ በሊ! በጃኺ ስቕ በሊ!» እያለች፣ ዝም በይ፣ እባክሽ ዝም በይ እያለች፣ በሁለት እጆቿ የእናቷን አፍ አፈነችው። ለተ ግን ከአፏ አንዲት ድምፅ አልወጣም ነበር።